የጊታር ውድድርና ዳኞቹ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ማርቆስ ጊታር አስተምራለሁ፣ በአካባቢያችን በሚደረጉ ትንንሽ ውድድሮችም ዳኛ ሆኜ እቀመጣለሁ፤ ተማሪዎች፣ ወላጆችና አዘጋጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ እነዚህን ነው።

የዳኛ ሥራው ምንድን ነው?

መስማት። አንድ ልጅ መድረክ ላይ ይወጣል፣ አምስት ስድስት ደቂቃ ይጫወታል፣ ዳኛው የሰማውን ወደ ነጥብ ይቀይራል። ከዚያ ቀጣዩ ይገባል። ሲወራ ቀላል ነው። አሥራ አምስተኛው ተወዳዳሪ ላይ ሲደረስ ግን ጆሮ ይደክማል፣ ሆድም ይርባል። ያን ልጅ ልክ እንደ መጀመሪያው አድርጎ መስማት ግዴታ ነው፤ ለዚያች አምስት ደቂቃ ስንት ወር ሲለፋ እንደከረመ የጣቶቹን ጫፍ አይቶ ማወቅ ይቻላል።

ሁለተኛው ሥራ ምክንያት መስጠት ነው። ነጥብ ብቻ ጽፎ መሄድ ለእኔ ዳኝነት አይደለም። «ጥሩ ነው፣ በርታ» የሚል አስተያየት ማንንም አላሻሻለም። «ሦስተኛው ኮርድ ላይ ስትደርስ ትቸኩላለህ» የሚለውን ግን ልጁ ቤቱ ይዞት ይገባል።

ዳኛው የግድ ጎበዝ ጊታሪስት መሆን አለበት?

ሁሉም ባይሆኑ አብዛኞቹ መሆን አለባቸው። ጊታር ይዞ የማያውቅ ሰው ፍጥነት ያስደንቀዋል። ድምፅ የሚቀይር ፔዳል ረግጦ፣ ድምፁን አስጩሆ በሊድ፣ ማለት ነጠላ ድምፆችን እየደረደረ፣ የሚሮጥ ልጅ ሲያይ ያጨበጭባል። ቀጥላ አንዲት ልጅ ቦክስ ጊታር፣ ያለ ኤሌክትሪክ የሚጮኸውን፣ ይዛ፣ በአውራ ጣቷ ቤዙን እየመታች፣ በሌሎቹ ጣቶቿ ዜማውን እያወጣች ሁለቱን ባንዴ ስትጫወት፣ ጸጥ ያለ ነገር ነውና ያልፈዋል። ጊታሪስት ግን የትኛው እንደሚከብድ እጁ ራሱ ያውቀዋል። ባሬ ኮርድ ላይ፣ አንድ ጣት ክሮቹን ሁሉ አጋድሞ ሲጫን፣ አንዷ ክር ታፍና ድምፅ ሳትሰጥ ስትቀር የሚሰማው እሱ ነው።

ጎበዝ ተጫዋች ሁሉ ግን ጎበዝ ዳኛ አይሆንም። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አንዳንዱ ልጁን እየሰማ በሆዱ «እኔ ብሆን እንዲህ ነበር የምጫወተው» ይላል። ያኔ ልጁን መስማት አቁሟል፤ የሚሰማው ራሱን ነው።

ጎጃም የቅኔ አገር ስለሆነ ምሳሌው ሩቅ አይደለም። ዋሸራም ሆነ ሌላ ቅኔ ቤት፣ ተማሪው ገና በጉባኤ ቃና፣ በሁለት ቤት ቅኔ ሲጀምር የኔታ ያዳምጡታል። እሳቸው ዳር እስከ ዳር ያውቁታል፤ የእሳቸውን ቅኔ ግን ከልጁ አይጠብቁም። የልጁ ቤት መምታቱን፣ ምሥጢሩ መግጠሙን ነው የሚያዩት። ሲሳሳት እዚያው ያርሙታል። ጊታር ላይ የምንፈልገውም ይህንኑ ጆሮ ነው።

ስንት ዳኛ ይበቃል?

ለትንሽ ውድድር ሦስት፣ አቅም ካለ አምስት። ሁለት አይሆንም፤ ሲለያዩ ገላጋይ የለም። ከሦስቱ አንዱ ሙዚቃ በትምህርት ቤት የተማረ፣ አንዱ ባንድ ውስጥ ያደገ፣ አንዱ ደግሞ ማሲንቆ ወይም ክራር አዋቂ ቢሆን እመርጣለሁ። ለምን የባህል መሣሪያ ተጫዋች እንደጨመርኩ ስለ ቅኝት፣ ማለት ዜማው ስለሚሠራባቸው ድምፆች፣ ስንደርስ ይገባችኋል።

ነጥብ የሚሰጠው በምን በምን ነው?

ውድድሩ ይለያያል። እኔ ባለሁበት ጊዜ ብዙ ቦታ የምንይዘው ለሪትም ነው። ጊዜ የማይጠብቅ ተጫዋች ጣቱ የፈለገ ቢፈጥን አብሮት የሚሠራ ባንድ አያገኝም። ቀጥሎ የድምፅ ጥራት፣ እያንዳንዷ ክር ጥርት ብላ መውጣቷ። ከዚያ ጊታሩ በደንብ መቃኘቱ። ከዚያ የተመረጠው ሥራ ክብደት። በመጨረሻም ያ በወረቀት ለመጻፍ የሚያስቸግረው ነገር፣ ልጁ የሚጫወተውን ነገር ራሱ እየሰማው ነው ወይስ ጣቱን ብቻ እያንቀሳቀሰ ነው የሚለው።

አዘጋጆች ይህን ልብ በሉልኝ። መስፈርቱና የነጥብ ድርሻው ከውድድሩ በፊት ለተወዳዳሪዎች ይሰጥ። በዕለቱ ጠዋት ሳይሆን ቢያንስ ከወር በፊት። ልጆቹ ምን እንደሚታይ ሳያውቁ መድረክ ላይ ማውጣት በደል ነው።

ኖታ ማንበብ አልችልም። መወዳደር እችላለሁ?

ትችላላችሁ። አብዛኛው የእኛ አገር ጊታሪስት በጆሮው ነው የተማረው፤ ካሴት እየመለሰ፣ አሁን ደግሞ ዩቲዩብ እያየ። ዳኛ የሚዳኘው የሚሰማውን ነው። የክላሲክ ጊታር ውድድር ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። እዚያ ሁሉም የሚጫወተው ግዴታ የሆነ ሥራ ሊኖር ይችላል፣ ያን ሥራ ደግሞ ያለ ኖታ አጥርቶ መያዝ ከባድ ነው። ስትመዘገቡ ጠይቁ።

ቦክስ ጊታርና ኤሌክትሪክ ጊታር አንድ ላይ ይወዳደራሉ?

ባይወዳደሩ ይሻላል። ተወዳዳሪ ሲያንስ ግን አዘጋጆች ያቀላቅላሉ፤ እኛ አካባቢ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይኸው ነው። ያኔ ዳኛው ማስታወስ ያለበት ነገር አለ። ኤሌክትሪኩ ከአምፕሊፋየር ይወጣል፣ ቦክሱ ከፊቱ በተቀመጠ ማይክራፎን። ማይኩ በአንድ ስንዝር ከራቀ ግማሹ ድምፅ ይጠፋል። ዳኛው ከአዳራሹ ስፒከር ርቆ ከተቀመጠማ የቦክሱን ልጅ ጭራሽ አልሰማውም። እኔ የቦክስ ተራ ሲደርስ ወንበሬን ይዤ ወደ መድረኩ ጠጋ እላለሁ።

አንዱ ትዝታ ይጫወታል፣ ሌላው የፈረንጅ ሮክ። እንዴት ይወዳደራሉ?

ከሁሉም በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው፣ ከሁሉም በላይ ዳኛ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ፈረንጅ ሥራ በቀላሉ «ከባድ» ይመስላል። ኖታው ብዙ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ሁሉም ከኢንተርኔት ሰምቶታል። ትዝታ ደግሞ አምስት ድምፅ ብቻ ነውና ቀላል ይመስላል። ይመስላል ነው ያልኩት።

አራቱ ቅኝቶቻችን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ አላቸው። እስኪ ጊታራችሁን አንሡ። ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ምቱና ላ ላይ እረፉ። ማይነር ትዝታ ነው። አሁን እነዚያኑ አምስት ድምፆች ከሚ ጀምሩ፦ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ፤ ማረፊያችሁንም ሚ አድርጉ። አምባሰል ሆነ። ድምፁ አልተቀየረም፣ የተቀየረው ቤቱ ነው። ስለዚህ አምባሰል ልጫወት ብሎ የተነሣ ልጅ፣ አንድም የተሳሳተ ድምፅ ሳይነካ ማረፊያውን አጥቶ ወደ ትዝታ ሊንሸራተት ይችላል። ይህን የማያውቅ ዳኛ ምንም ስህተት አልሰማም፣ ሙሉ ነጥብ ይሰጠዋል። ማሲንቆ ተጫዋች ዳኛ ያልኩት ለዚህ ነው። አዝማሪ ጆሮው አይሸወድም።

ሌላም አለ። ማንኛውም የሮክ ጀማሪ መጀመሪያ የሚማረው ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል የእኛው ማይነር ባቲ ድምፆች ናቸው። አንድ ልጅ ፍኖተ ሰላም ላይ በዚያው ስኬል ሲሮጥ ሰምቼው «ባቲ ነው የተጫወትኩት» አለኝ። አልነበረም። ባቲ የሚሆነው ድምፁ ስለተነካ ብቻ አይደለም። የት እንደምትቆዩ፣ የትኛዋን ድምፅ እንደምታንቀጠቅጡ፣ ከየት ወደ የት ተንሸራታችሁ እንደምትገቡ ነው ባቲ የሚያደርገው። ማሲንቆ ፍሬት፣ ያ አንገቱ ላይ ድምፅ የሚከፋፍለው ብረት፣ የለውም፣ ጣቱ እንደ ልቡ ይንሸራተታል። ጊታር ፍሬት አለው። ስለዚህ ጊታሪስቱ ክሩን እየገፋ፣ እየሳበ፣ እያንሸራተተ ያን ለስላሳ ድምፅ መፈለግ አለበት። ይህ ከፍጥነት ይከብዳል። ጊታሪስቶቹ እነ ሰላም ስዩም በአይቤክስና በሮሃ ባንድ ጊዜ፣ እነ ግሩም መዝሙር ደግሞ በኋላ ይህን እንዴት እንደሠሩት ቁጭ ብላችሁ ስሙ።

ስለዚህ መልሴ፦ ሁለቱ በአንድ ወረቀት ሊዳኙ ይችላሉ፣ ነገር ግን «የሥራው ክብደት» የሚለው ሳጥን ላይ ዳኛው የኖታ ብዛት መቁጠር የለበትም።

መድረክ ላይ ክር ቢበጠስብኝ ወይም ብሳሳትስ?

ስህተት ሁሉ እኩል አይደለም። አንድ ድምፅ ስታችሁ ሪትሙን ሳትለቁ ከቀጠላችሁ ብዙ ዳኛ ትንሽ ነጥብ ነው የሚቀንሰው። ቆማችሁ «ይቅርታ» ብላችሁ ከመጀመሪያ ከጀመራችሁ ግን ያ ከባድ ነው። ልምምድ ላይም ስትሳሳቱ አታቁሙ፤ ቤት ውስጥ የማቆም ልማድ ያለው መድረክ ላይም ይቆማል።

ስለ ክር አንድ የማልረሳው ነገር አለ። አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሥራው መሀል ላይ ሲደርስ አንደኛ ክሩ ተበጠሰ። ቀጭኗ። አዳራሹ «ውይ» አለ። ልጁ ቀና እንኳ አላለም። ዜማውን ወደ ሁለተኛው ክር አወረደው፤ ያ ማለት እጁን አምስት ፍሬት ወደ ላይ መውሰድ አለበት፣ ጣቶቹ የለመዱት ቦታ ሁሉ ተቀየረ ማለት ነው። አንድ ምት አላጎደለም። የተበጠሰው ክር ጊታሩ አንገት ላይ እየተወዛወዘ እስከ መጨረሻው ሄደ። አጠገቤ የነበሩት ዳኛ እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው ዝም ብለው ሰሙት። ሦስታችንም ተመሳሳይ ነጥብ ነበር የሰጠነው፣ ሳንነጋገር።

መለዋወጫ ክር ግን ያዙ። የአዲስ ክር ችግሩ ገና ስለሚለጠጥ ቅኝቱን መልቀቁ ነው፤ ስለዚህ ከውድድሩ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብላችሁ ቀይሩ። ከባሕር ዳር ሙቀት ማርቆስ ብርድ ለምትመጡ ደግሞ፦ ብርድ ሲመታው የብረት ክር ይኮማተርና ድምፁ ከፍ ይላል። ጊታሩን ከሻንጣው አውጥታችሁ የአዳራሹን አየር ግማሽ ሰዓት ይልመድ፣ ከዚያ ቃኙት።

የተመልካች ጭብጨባ ወይም በስልክ የሚሰጥ ድምፅ መቆጠር አለበት?

ለብቻው ቢሆን ይሻላል። በስፔን ቤኒካሲም ከተማ በፈረንጆቹ ከ1967 ጀምሮ በስፔናዊው ጊታሪስት በታሬጋ ስም የሚካሄደው የጊታር ውድድር ከዳኞች ሽልማት ሌላ የተመልካች ሽልማት አለው። ጥሩ ዘዴ ነው። ሕዝቡ የወደደውን ያከብራል፣ የዳኛው ወረቀትም አይነካም። እኛ ጋ በድምፅ ሲቆጠር የሚያሸንፈው ብዙ ዘመድና ብዙ የሠፈር ልጅ ያለው ነው። ከሩቅ ወረዳ ብቻውን ተሳፍሮ የመጣ ልጅ ማን ይደውልለታል?

አለባበስና የመድረክ እንቅስቃሴ ነጥብ ያስገኛል?

ማስገኘት የለበትም፣ ግን ያስገኛል። በ2013 በፈረንጆቹ ቺያ ጁንግ ጼይ የተባለች ተመራማሪ ያሳተመችው ጥናት አለ። የፒያኖ ውድድር ፍጻሜ ቅንጫቢዎችን ለሰዎች አቀረበች፤ ለአንዳንዱ ድምፅ ብቻ፣ ለአንዳንዱ ድምፅ የሌለው ቪዲዮ። አሸናፊውን በተሻለ ሁኔታ የለዩት ድምፅ ሳይሰሙ ያዩት ናቸው። ባለሙያ ሙዚቀኞችም ጭምር! ይህን ሳነብ ደነገጥኩ፤ ስንት ልጅ በዓይኔ ዳኝቼ ይሆን ብዬ።

ከዚያ ወዲህ ማጣሪያው ላይ መጋረጃ እንዲደረግ እጠይቃለሁ። ውጭ አገር ብዙ ኦርኬስትራዎች ተጫዋች ሲቀጥሩ እንዲሁ ያደርጋሉ። ልዩ ዕቃ አያስፈልገውም፣ አንድ ጋቢና ገመድ ይበቃል። ፍጻሜው ላይ ግን መጋረጃው ይነሣ፣ መድረክ መያዝም የሙያው አካል ነው።

መጀመሪያ መጫወት ይጎዳል?

ሊጎዳ ይችላል። ቤልጂየም ውስጥ የሚካሄደውን የንግሥት ኤልሳቤጥ የፒያኖ ውድድር ብዙ ዓመታት ውጤት ያጠኑ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ፍጻሜው የመጀመሪያ ቀን ላይ የተጫወቱት ዝቅ ያለ ደረጃ ሲያገኙ፣ ዘግየት ያሉት የተሻለ ሲያገኙ አይተዋል። ተራው የሚወጣው ደግሞ በዕጣ ነበር፤ ስለዚህ የመጨረሻዎቹ ጎበዞች ሆነው አይደለም። የዳኛ እጅ መጀመሪያ ላይ ይቆጠባል፣ «የሚበልጥ ቢመጣስ» ይላል።

መፍትሔው ለእኛ ቅርብ ነው። ዕጣ ይውጣ፣ በፊደል ተራ አይሁን፤ በፊደል ከሆነ «ሀ» ሁልጊዜ ይጎዳል። ዳኞችም ውድድሩ ሳይጀመር የማይወዳደር አንድ ልጅ አጫውተው አብረው ነጥብ ይስጡት። ሩብ ሰዓት አይፈጅም፣ የሁሉም ሚዛን ይገናኛል።

ዳኛው አስተማሪዬ ወይም ዘመዴ ከሆነስ?

ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። ጎጃም ውስጥ ጊታር የሚያስተምር ሰው በጣት ይቆጠራል፤ ዳኛ ሲፈለግም የሚጠሩት እነዚያው ናቸው። ስለዚህ ዳኛው ፊት ተማሪው መውጣቱ አይቀርም። ትልልቆቹ ውድድሮችም ከዚህ አላመለጡም። የዋርሶው የሾፓን ፒያኖ ውድድር ዳኞች ለገዛ ተማሪያቸው ነጥብ አይሰጡም፤ የሌሎቹ ዳኞች አማካይ ይያዛል። እኛም ይህን ማድረግ እንችላለን። ዳኛው ከመጀመሪያው «እከሌና እከሊት ተማሪዎቼ ናቸው» ብሎ በይፋ ይናገር፣ ተራቸው ሲደርስ እስክሪብቶውን ያስቀምጥ።

ይሉኝታም አለ። የጎረቤት ልጅ፣ የአበልጅ ልጅ፣ ትናንት ቡና የጠጣንበት ቤት ልጅ። አንዳንዱ ዳኛ አድልተሃል እንዳይባል ብሎ የሚያውቀውን ልጅ ከሚገባው በታች ይሰጠዋል። ያም በደል ነው። ወላጆች ደግሞ እባካችሁ፣ ከውድድሩ በፊት ባሉት ቀናት ዳኛ ቤት አትምጡ። ማር ይዛችሁም፣ ባዶ እጃችሁንም።

ዳኞች ካልተስማሙ ምን ይሆናል?

ቀላሉ መንገድ አምስት ዳኛ ካለ ትልቁንና ትንሹን ነጥብ ጥሎ የቀረውን መደመር ነው። አንዱ በጣም ቢወድ ወይም በጣም ቢጠላ ውጤቱን ብቻውን አይጎትተውም። ነጥብ ሳይሰበሰብ ዳኞች እርስ በርስ አይነጋገሩ፤ አንድ ስመ ጥር ሰው «ይሄ ልጅ ምንም አይል» ካለ ሁለቱ ወጣት ዳኞች ወረቀታቸውን ሲሰርዙ አይቻለሁ።

አለመስማማት በራሱ ግን ነውር አይደለም። በ1980 በፈረንጆቹ በዚያው የሾፓን ውድድር ኢቮ ፖጎሬሊች ወደ ፍጻሜ ሳያልፍ ሲቀር፣ ዳኛ የነበረችው ታላቋ ፒያኒስት ማርታ አርጌሪች ተቃውማ ዳኝነቱን ጥላ ወጣች። አንደኛ የወጣው ቬትናማዊው ዳንግ ታይ ሶን ነበር። ሁለቱም ትልቅ ፒያኒስት ሆኑ። ስለዚህ ውድድር ላይ ያላለፈ ልጅ ሙያው እዚያ ያበቃ አይምሰለው።

ከአዲስ አበባ ታዋቂ ጊታሪስት ማምጣት ይሻላል ወይስ የአካባቢውን?

አቅም ካለ ሁለቱንም። ታዋቂ ሰው ሲመጣ አዳራሹ ይሞላል፣ ልጆቹም ለሳምንት እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ማንንም ስለማያውቅ ይሉኝታ የለበትም። ነገር ግን አዲስ አበባና ማርቆስ መካከል 300 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ፤ መጓጓዣ፣ አልጋ፣ አበል ይጠይቃል። ያን ሁሉ አውጥታችሁ ሰውዬውን ለሁለት ሰዓት ነጥብ ብቻ አታስጽፉት። በማግስቱ ጠዋት ልጆቹን ሰብስቦ ያስተምር። የተሸነፉትንም ጭምር፣ ይልቁንም እነሱን።

ራሱ ይጫወት ወይ ለሚሉኝ፣ ይጫወት፣ ግን ውጤት ከተነገረ በኋላ። ውድድሩ ሳይጀመር ከተጫወተ ልጆቹ እሱን ሰምተው እጃቸው ይተሳሰራል።

ተሸነፍኩ። ዳኛውን ሄጄ ማናገር እችላለሁ?

ሂዱ። ግን «ለምን አልሰጡኝም» ብላችሁ አትጀምሩ። ሰላም በሉ፣ ጋሼ ወይም መምህር በሉ፣ ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ «ነገ ልምምድ ስጀምር መጀመሪያ ምኑን ላስተካክል?» ይህን ተጠይቆ የሚቆጣ ጊታሪስት አላጋጠመኝም። አንዷ ልጅ እንዲህ ስትጠይቀኝ ጊታሯን ተቀብዬ የግራ አውራ ጣቷ አንገቱን እንዴት አንቆ እንደያዘው አሳየኋት። ለአራት ወር ባሬ ኮርድ እምቢ ያላት በዚያ ምክንያት ነበር። እዚያው ኮሪደር ላይ ቆመን አውራ ጣቷን ዝቅ አደረገች፣ ኤፍ ኮርድን ያዘች፣ ስድስቱም ክር ጮኸ።

የዚያኑ ዕለት ጠይቁ። በማግስቱ ዳኛው የማንን ምን እንደሰማ ይምታታበታል። አስተያየት የተጻፈበትን ወረቀት ኮፒም ከአዘጋጆቹ ጠይቁ፤ ካልሰጧችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት።